የብራናው ውስጥ አልታይ ሲል፦ የቴራኸርዝ ምስል ችግሮችና መፍትሄያቸው

የብራና መጽሐፍ ሳይገለጥ፣ ገበታው ሳይነቀል፣ ውስጡን በቴራኸርዝ ፐልስ (በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ባለ እጅግ አጭር የጨረር ምት) ማየት ይቻላል፤ ከየቅጠሉ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ማሚቶ የሚደርስበት ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል። ደብረ ብርሃን ላይ ወይም አንኮበር ወጥቶ ይህን መሣሪያ የሚተክል ሰው ግን ከሶፍትዌሩ በፊት ከአየሩ ጋር መተዋወቅ አለበት።

ምስሉ በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ ናሙናውን ያንሱና በቦታው ልሙጥ የብረት መስታወት ያስቀምጡ። ችግሩ መስታወቱም ላይ ካለ ጥፋቱ የመሣሪያው ወይም የአየሩ ነው፤ ከጠፋ የናሙናው ነው። ይህን ሳያደርጉ ሴቲንግ መነካካት ቀን ማባከን ነው።

ከዋናው ፐልስ በኋላ የማያባራ መንቀጥቀጥ፣ ስፔክትረሙ (በየድግግሞሹ ያለው የኃይል መጠን) ላይም ጉድጓድ ጉድጓድ

ጉድጓዶቹ 0.557፣ 0.752፣ 1.097 እና 1.163 ቴራኸርዝ ላይ ከሆኑ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ፤ የውሃ ተን ነው። እዚህ ላይ የእርጥበት መለኪያው ሰውን ያሳስታል፤ የሚያሳየው በመቶኛ ነው፣ ፐልሱን የሚውጠው ግን አየሩ ውስጥ ያለው የተን መጠን ነው። ደብረ ብርሃን በ10 ዲግሪ ብርድ 80 በመቶ ቢል በሜትር ኩብ 7.5 ግራም ገደማ ተን አለ። ሸዋ ሮቢት ወርደው በ30 ዲግሪ 50 በመቶ ቢያነቡ ግን 15 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የደጋው ብርድ ለዚህ ሥራ ያግዛል፤ ክረምት ላይ ክፍሉን በማሞቂያና በሰው ትንፋሽ ካላጨናነቁት በቀር።

መፍትሄው ጨረሩ የሚያልፍበትን መንገድ በሳጥን ዘግቶ ደረቅ ናይትሮጅን መልቀቅ ነው። ናይትሮጅን ካልተገኘ በሲሊካ ጄል ውስጥ ያለፈ አየር በትንሽ ፓምፕ ያስገቡ፤ ጉድጓዶቹ እየጎደሉ መጥተው እስኪቆሙ ይጠብቁ። መጽሐፉን ግን ሳጥኑ ውስጥ አይክተቱት! ብራና ቆዳ ነው፤ ድንገት ሲደርቅ ይኮማተርና ቅጠሉ ይጠማዘዛል። ሳጥኑን መጽሐፉ ጋ ሲደርስ በስስ ፖሊኢትሊን ላስቲክ ይዝጉት፤ ቴራኸርዝ ያለ ችግር ያልፈዋል።

የሌለ ቅጠል መታየት

ከእያንዳንዱ ፐልስ ኋላ እኩል ርቀት ጠብቆ የሚከተል ደካማ ማሚቶ ካለ፣ መስታወቱ ላይም ካልጠፋ፣ ፐልሱን በሚያመነጨው ወይም በሚቀበለው አንቴና ውስጥ የተንጸባረቀ ነው። አንቴናው በተሠራበት፣ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጋሊየም አርሴናይድ (ሴሚኮንዳክተር) ውስጥ ደርሶ መልስ 12 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ያህል ይፈጃል፤ ይህን ቁጥር ካገኙ ጥፋተኛው ታውቋል። ማሚቶው ሳይደርስ መረጃውን ይቁረጡ፤ የሚፈልጉት ቅጠል ከዚያ በኋላ ከሆነ የመስታወቱን ፐልስ ዋቢ አድርገው በስሌት ያጽዱት።

ሁለት ቅጠል አንድ ሆኖ መታየት

የ1 ፒኮሰከንድ ልዩነት አየር ላይ 0.15 ሚሊሜትር ጥልቀት ነው፤ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (ጨረሩን ከባዶ ቦታ አንጻር የሚያዘገይበት መጠን) 1.5 በሆነ ነገር ውስጥ 0.1 ይሆናል። ቅጠሉ ከዚህ ከሳሳ ሁለቱ ማሚቶዎች ይደራረባሉ። እዚህም የመስታወቱ ዋቢ ይረዳል፤ የፐልሱን የራሱን ቅርጽ በስሌት ከመረጃው ማውጣት የተደራረበውን ይለያል። በ2016 የኤምአይቲና የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ከተዘጋ የወረቀት ክምር ፊደል ሲያነቡ የተጠቀሙት በገጾቹ መሃል ያለውን 20 ማይክሮሜትር ያህል የአየር ክፍተት ነው፤ ያነበቡትም እስከ ዘጠነኛው ገጽ ድረስ ብቻ ነው። ወፍራም ግብረ ሕማማት ይዞ የመጣ ሰው ካለ ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ምስሉ ከላይ ወደ ታች ማዘንበል

መጽሐፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ረድፍ ከመጀመሪያው ጠልቆ ከታየ ሙቀት ነው። መሣሪያው የተተከለበት አሉሚኒየም በአንድ ሜትር ርዝመት፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 23 ማይክሮሜትር ይለጠጣል። ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ላይ ጠራራ ፀሐይ በሆነበት ክፍሉ 5 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ ሜትር የጨረር መንገድ 0.38 ፒኮሰከንድ ይዛባል። ፐልሱን የሚያስነሳውን ሌዘር ቀደም ብለው ያሙቁ፣ መስኮቱን ይጋርዱ፣ በየረድፉ መጨረሻ አንዴ መስታወቱን ይለኩ።

ገበታው ሲዞር ምስሉ መለወጥ

ብልሽት አይደለም። የዋንዛ ገበታ እንደማንኛውም እንጨት ጨረሩን በጭረቱ አቅጣጫና በአግድሙ በተለያየ ፍጥነት ያሳልፋል። አንድ አቅጣጫ ይምረጡና እስከ መጨረሻ አይለውጡ።

ኃይል አለ፣ ምልክት ግን የለም

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የሚያጋጥም ነው። የሌዘሩ አማካይ ኃይል ደህና ይመስላል፤ ፐልሱ ግን ጠፍቶ ሌዘሩ ያለማቋረጥ የሚበራ ሆኗል። ስፔክትሮሜትር ካለ ሰፊ የነበረው ስፔክትረም ቀጭን ሆኖ ያገኙታል። ሌዘሩን እንደገና ወደ ፐልስ ይመልሱት፤ ለወደፊቱ ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ የሚተካውን ባትሪ) ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ሌዘሩም ላይ ይሰኩ።