ወርቅ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተሠራ ወርቅ መግዛትና በትዕዛዝ ማሠራት ለየቅል ናቸው። የተሠራ ሲገዙ ያዩትን ይዘው ይሄዳሉ። ሲያሠሩ ግን ገና ላልተፈጠረ ነገር ነው ቀብድ የሚከፍሉት። ጭቅጭቁ የሚነሳው ዕቃው በሚረከብበት ቀን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ቀደም ብሎ፣ ወርቁ ሳይቀልጥ፣ ገና ሲታዘዝ ነው።

ፎቶ አሳይቶ መሄድ

«ጋሼ፣ ልክ እንደዚህ አድርገው ይሥሩልኝ» ብሎ ስልክ ማሳየት የተለመደ ነው። ፎቶ ግን ግራም የለውም፣ ውፍረት የለውም፣ ጀርባውንም አያሳይም። ኢንተርኔት ላይ ከሚዞሩት ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ በኮምፒውተር የተሳሉ ናቸው፤ ማንም ጣቱ ላይ አድርጓቸው አያውቅም። የ3 ግራምና የ6 ግራም ቀለበት ከፊት ሲታዩ መንትያ ሊመስሉ ይችላሉ። ቀላሉ በውስጥ በኩል ተቦርቡሮ ነው።

ፎቶውን ያሳዩ፣ ክፋት የለውም። ግን ስንት ግራም እንዲሆን እንደሚፈልጉ፣ ወርዱና ውፍረቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሆን አብረው ይነጋገሩ። ከጣት ለማይወጣ የጋብቻ ቀለበት ውፍረቱ ከ1.5 ሚሊሜትር ባያንስ ይመረጣል። ከዚያ ከቀጠነ ቶሎ ይጣመማል።

ሰሙን ሳያዩ «ይቅለጥ» ማለት

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አብዛኛው የትዕዛዝ ቀለበት መጀመሪያ የሚወለደው በሰም ነው። ሠሪው ወይ ሰሙን በእጁ ይቀርጸዋል፣ ወይ በኮምፒውተር የተሳለው ዲዛይን በማሽን በሰም ይወጣል። ሰሙ ላይ ቀጭን ዘንግ ይተከልበታል። ከዚያ በብረት ቱቦ ውስጥ ይቆምና እንደ ጀሶ ያለ ነገር ተበጥብጦ ይፈስበታል። ጀሶው ሲጠነክር ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ቀስ እያለ ከ700 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሰሙ ቀልጦና ተቃጥሎ ይጠፋል። ጀሶው ውስጥ የሚቀረው የቀለበቱ ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ነው። የቀለጠው ወርቅ የሚገባው እዚያ ነው። ከዚህ በኋላ «ትንሽ ሰፋ ቢልልኝ» ማለት ሥራውን ከሀ ማስጀመር ነው።

ሰም ላይ ግን ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ጣትዎ ላይ ይሞክሩት፤ ቀስ ብለው ነው ታዲያ፣ ይሰበራል። ቀጥሎ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። የሰሙን ክብደት ለ18 ካራት በ15.5፣ ለ21 ካራት በ17 ገደማ ማባዛት ነው፤ ወርቁ የሚመዝነውን በግርድፉ ይነግርዎታል። 0.3 ግራም ሰም ወደ 4.6 ግራም የ18 ካራት ወርቅ ይሆናል። ሲሞረድና ሲወለወል ደግሞ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ 4 ግራም አዝዞ «6 ግራም ሆኖ ወጣ፣ ጨምር» የተባለ ሰው፣ ጭማሪው ገና ሰሙ ሲመዘን ሊነገረው ይችል ነበር።

በቀጭን ሽቦ እየተጠለፈና እየተበየደ የሚሠራው የእጅ ሥራ በሰም አያልፍም። እሱን ከመወልወሉ በፊት፣ ገና ጥቁር ሳለ ሄዶ ማየት ይበቃል።

ጣትን በማለዳ መለካት

ጣት በብርድ ይሰለላል፣ በሙቀትና ወደ ማታ ያብጣል። ከሰዓት በኋላ፣ እጅዎ ሞቅ ሲል ይለኩ። ወርዱ ሰፊ የሆነ ቀለበት ከቀጭኑ ይልቅ ስለሚጠብ ግማሽ ቁጥር ይጨመርለታል። ዙሪያውን በሙሉ ፈርጥ ያለው ቀለበት ደግሞ አንዴ ከተሠራ ለማስፋትም ለማጥበብም አይመችም።

ውጭ አገር ላለ ሰው የሚያሠሩ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ አይቀበሉ። ዋሽንግተን ያለው 7፣ ፓሪስ ያለችው 54፣ ሮም ያለው 14 ብለው ቢልኩልዎ ሦስቱም ያው አንድ ዓይነት ጣት ነው። ልኩ የሆነ ቀለበት ካላቸው የውስጡን ስፋት በሚሊሜትር ለክተው ይላኩ። ለዚህ ጣት 17.3 ነው።

የድሮ ወርቅ ሰጥቶ «ግራም በግራም» መቀበል

ብዙ ቤት ከሳዑዲ ወይም ከቤሩት የመጣ ባለ 21 ካራት ወርቅ አለ። ማህተሙ 875 ይላል፤ ከ1000 እጅ 875ቱ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። እሱን አስቀልጠው ባለ 18 ካራት፣ ማለትም የ750 ቀለበት ያሠራሉ። 10 ግራም ሰጥተው 10 ግራም ይቀበላሉ፤ ሚዛኑም ልክ ነው፣ ደስ ብሎዎት ይወጣሉ። እስቲ እናስላው። የሰጡት ውስጥ 8.75 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነበር። የተቀበሉት ውስጥ ያለው 7.5 ነው። 1.25 ግራም ንጹሕ ወርቅ የት ሄደ? በትክክል ቢሰላ 10 ግራሙ መዳብና ብር ተጨምሮበት ወደ 11.7 ግራም የ18 ካራት ወርቅ ይወጣዋል። ሲሠራ የሚባክን ጥቂት ይኖራል፤ እሱ ግን ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር።

«ታዲያ ለምን በ21ዱ አይሠራም?» ይሉ ይሆናል። ለሀብልና ለአምባር ይሁን። ፈርጥ ላለው ቀለበት ግን 21 ካራት ለስላሳ ነው፤ ድንጋዩን የሚይዙት ጥርሶች ይላላሉና አንድ ቀን እጅ ሲታጠቡ ድንጋዩ ከሳሙናው ጋር ይወርዳል።

ሌላም ነገር አለ። ወርቁ የሚመዘነው ፈርጡ ከመግባቱ በፊት ይሁን። አለበለዚያ የመስታወት ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ይገዛሉ። ደረሰኙ ላይም የወርቁ ዋጋና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ።

የወሎን ኦፓል እንደ ማንኛውም ድንጋይ ማየት

ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ የገነነው የደላንታው የወገል ጤና ኦፓል ውበቱን ማንም አይክደውም። ጸባዩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይጠፋና እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ሲደርቅ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ውሃ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ቅባትም ቀለምም ይስባል። ቀኑን ሙሉ ሳሙናና ዘይት የሚነካ እጅ ላይ ከማድረግ ለጉትቻ ይሻላል። ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ግን ጉትቻውንም ያውልቁ።

እሳትም አይወድም። ኦፓል የገባበትን ቀለበት «እዚችጋ በየድልኝ» ብለው ሲሰጡ መጀመሪያ ድንጋዩ እንዲወጣ ያድርጉ።

ነጭ ወርቅ ሁልጊዜ ነጭ ይሆናል ብሎ ማሰብ

አይሆንም። ያ የሚያብለጨልጨው ነጭ ብዙውን ጊዜ ከላይ የተቀባ ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት ነው። በጊዜ ብዛት ያልቃል፣ እንደገና ይቀባል። ቆዳዎ ኒኬል የማይስማማው ከሆነ ደግሞ ወርቁ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ቀድመው ይጠይቁ።

የሚቀረጸውን ጽሑፍ በቃል መንገር

ለሠርግ ወቅት፣ በተለይ ለጥር፣ ወርቅ ቤቱ ይጨናነቃል። በስልክ የተነገረ ስም ደግሞ ጸሐፊው እንደመሰለው ይጻፋል፤ ኃይሉ ሀይሉ ሆኖ ይመጣል። በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ፊደሎቹ በጣም ካነሱም ሲወለወል ቅጥያቸው ይጠፋና «ሁ» «ሀ» መስሎ ያርፈዋል።

ቀኑንም ያስቡበት። ጥር 12 ቀን 2017 ለማለት 12/05/2017 ያስቀረጹ እንደሆነ አሜሪካ ያሉት ዘመዶችዎ ዲሴምበር 5 ብለው ነው የሚያነቡት፣ ያውም ከሠርጉ ሰባት ዓመት በፊት። የወሩን ስም በፊደል ያስጽፉ፤ ቀለበቱ ውስጥ ቦታ አይጠፋም።