የትዳር አጋር ውጪ ሀገር ስራ ሲያገኝ ቤተሰብ ይዞ እንዴት ይወጣል? ከሀዋሳ እስከ ጀርመን ያየሁት

ባለቤቴ ጀርመን ስራ ያገኘ ቀን ቤቱ በእልልታ ተሞላ፣ እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ፣ እኔን ግን የዛን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኮንትራቱም ደሞዙም የሱ ነው፣ እኔ ሀዋሳ 9 አመት ያስተማርኩበትን ትምህርት ቤት ለቅቄ ሁለት ልጅ ይዤ ምን ልሆን ነው የምሄደው? ይሄን የምጽፈው በተለይ ተከትሎ ለሚሄደው ሰው ነው፣ ሚስትም ትሁን ባል፣ ምክንያቱም የወረቀቱም የልጆቹም ሩጫ ዞሮ ዞሮ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

መጀመሪያ፣ ትኬት ምናምን ሳይታሰብ፣ ተከታዩ ሰው በሚሰጠው ቪዛ መስራት ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሀገር ከሀገር በጣም ይለያያል። ጀርመን በቤተሰብ ማገናኘት የገባ የትዳር አጋር መስራት ይፈቀድለታል። አሜሪካ በኤች ዋን ቢ የስራ ቪዛ የሄደን ሰው ተከትላችሁ በኤች ፎር፣ ማለትም በሱ የቤተሰብ ቪዛ፣ ከገባችሁ ግን የሱ የግሪን ካርድ ሂደት የተወሰነ ደረጃ እስኪደርስ መስራት አትችሉም፣ በኤል ዋን፣ ማለትም መስሪያ ቤቱ ወደ አሜሪካ ቅርንጫፉ አዛውሮት፣ የሄደ ከሆነ ደሞ ይቻላል። ዱባይ ቤተሰብ ስፖንሰር ለማድረግ ደሞዙ ቢያንስ 4000 ድርሃም ወይ ደሞ 3000 ሆኖ ቤት የሚሰጠው መሆን አለበት። እንግሊዝ በኬር ወርከርነት፣ ማለትም በአረጋዊና በህመምተኛ ተንከባካቢነት፣ የሚሄድ ሰው ከመጋቢት 2016 ጀምሮ ቤተሰብ ይዞ መግባት ተከልክሎ ነበር፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ደሞ ከውጪ አዲስ ኬር ወርከር መቀበሉ ራሱ ቆሟል። ይሄን ሳታጣሩ ሶፋና ፍሪጅ መሸጥ አትጀምሩ።

ቋንቋም እዚሁ ላይ ነው የሚታየው። ጀርመን ለሚሄድ የትዳር አጋር ኤ1 የሚባለው የጀማሪ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና ሊጠየቅ ይችላል፣ ስራ ያገኘው ሰው ብሉ ካርድ (ለተማረ ባለሙያ የሚሰጥ የስራና የመኖሪያ ፈቃድ) የሚያገኝ ከሆነ ግን አይጠየቅም። እኔም አልተጠየቅኩም፣ ስላልተጠየቅኩ ሀዋሳ እያለሁ አንድ ቃል ሳልማር መጣሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ባትጠየቁም ጀምሩ።

ሁለተኛው ንግግር ነው። እኛ አንድ እሁድ ልጆቹን እናቴ ጋ ትተን ፍቅር ሐይቅ ወርደን ዳር ዳሩን እየሄድን ከሰአት ሙሉ አወራን፣ ማታ ደብተር ላይ ጻፍነው። ስንት አመት ነው የምንቆየው፣ ደሞዙ የሚገባበትን አካውንት እኔም ማየት እችላለሁ ወይ፣ እኔ ክላስ ስጀምር ልጆቹን ማን ይይዛል፣ ካልሆነልን መቼ ነው እንመለስ የምንለው። ከሄዳችሁ በኋላ ብርዱም ድካሙም ሲመጣ ይሄን ወሬ መጀመር በጣም ከባድ ነው።

ሶስተኛው ስምና ቀን ነው፣ እኔን በጣም ያሰቃየኝ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው። ፓስፖርት ላይ ሰርኔም (የቤተሰብ ስም) ሆኖ የሚወጣው የአያት ስም ነው አይደል፣ ስለዚ የልጆቼ ሰርኔም የባለቤቴ አባት ስም ሆነ፣ የባለቤቴ የሱ አያት ስም ነው፣ የኔ ደሞ የኔ አያት። አራት ሰው ሶስት ሰርኔም ማለት ነው፣ ውጪ ያለው ቢሮ ደሞ አንድ ቤተሰብ አንድ ሰርኔም ነው የሚጠብቀው። መፍትሄው የሁለታችሁም ስም በሙሉ የተጻፈበት የልጆች የልደት ሰርተፍኬትና የጋብቻ ሰርተፍኬት ሁሌ ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ ነው፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም ሁሉም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ጽዮን አንዱ ጋ በቲና በኤስ ሌላው ጋ በኤስ ብቻ ከተጻፈ ሁለት ሰው ነው የሚመስላቸው።

ቀኑ ደሞ የባሰ ነው። ትንሹ ልጄ የተወለደው ታህሳስ 10 ቀን 2012 ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 መሆን ሲገባው አንድ ወረቀት ላይ 19 ብለው ጻፉት። ምክንያቱ 2011 ጳጉሜ 6 የሆነችበት አመት ስለነበር ከመስከረም 2012 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ቀኑ ከሌላው ጊዜ በአንድ ይገፋል፣ የሚቀይረው ሰው ይሄን ካልቆጠረ ይሳሳታል። ከ2007 እና ከ2015 ቀጥሎ ባሉት መስከረሞችም ያው ነው። በነዛ ወራት የተወለደ ልጅ ካላችሁ ራሳችሁ ቆጥራችሁ አረጋግጡ፣ ከትርጉም በኋላ ማስተካከል ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው። የሀዋሳ ሰው ሌላም ነገር ይይ፣ ሲዳማ ክልል የሆነው ሰኔ 2012 ስለሆነ ከዛ በፊት የወጣ ሰርተፍኬት ላይ ያለው ማህተም የደቡብ ክልል ነው። አሮጌና አዲስ ወረቀት ቀላቅሎ ከማቅረብ ከወሳኝ ኩነት ሁሉንም አዲስ ቅጂ ማውጣት ይቀላል።

ከዛ ማረጋገጫ ነው፣ በህጋዊ ተርጓሚ ማስተርጎም፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዛ ኤምባሲ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ወረቀት በረሳችሁ ቁጥር ሁለት ቀን ነው የሚበላችሁ፣ ሁሉንም ሰብስቡና አንድ ጊዜ ሂዱ። የራሳችሁን ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና የስራ ልምድ ከልጆቹ ወረቀት እኩል አስረጋግጡ። እኔ የልጆቹን ሳሯሩጥ የራሴን ወደ መጨረሻ ገፋሁት፣ ቢሮው ተዘግቶ ሳላስጨርስ ሄድኩ፣ በኋላ ከርቀት በሰው በሰው ማስጨረስ ወራት ፈጀ።

ቤት ወይ መኪና ጥላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ውክልና ላይ ተጠንቀቁ። በ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፣ ቤት ለመሸጥ ወይ ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለማን ምን እንደምትሰጡ አስባችሁ አጽፉ። እቁብ ካላችሁ ዙሩን ጨርሱ፣ እድር ግን አታቋርጡ፣ የኛን እናቴ በየወሩ ትከፍልልናለች።

ክትባት ላይ ደሞ፣ የልጆቹ ካርድ በኢትዮጵያ ቀን ነው የሚሞላው ስለዚ በፈረንጅ ቀን አስጽፉት። ጀርመን ከ2012 ጀምሮ ትምህርት ቤት ለሚገባ ልጅ ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ማስረጃ ይጠይቃል፣ እኛ ጋ ሁለተኛው ዙር በመደበኛነት የተጀመረው 2011 ላይ ነው፣ የ2007ቷ ልጄ ካርድ ላይ አንድ ብቻ ነበር። የቢጫ ወባ ካርድ የሚጠይቅ ሀገር ከሆነ ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚሰራው፣ ከዛ እድሜ ልክ ነው።

ከተቻለ ስራ ያገኘው ሰው ቀድሞ ይሂድ። ጀርመን ቤት ሲከራዩ እስከ ሶስት ወር ኪራይ ማስያዣ ሊጠየቅ ይችላል፣ የመጀመሪያው ደሞዝ ደሞ ወሩ ሲያልቅ ነው የሚገባው፣ ያን ወር አራት ሆኖ ሆቴል መቀመጥ ያስጨንቃል። እናንተ ከልጆቹ ጋር ብቻችሁን ስትበሩ የአባታቸውን የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ።

ሻንጣ ላይ ብዙ አልልም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የልጆቹ የአማርኛ ፊደል መጽሐፍ። ቅቤና ቋንጣ ግን ተዉት፣ አውሮፓ ህብረት ከውጪ በሻንጣ የሚገባ የስጋና የወተት ውጤት ስለሚከለክል ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል፣ እናቴ ሁለት ቀን ለፍታ ያነጠረችው ቅቤ እዛው ቀርቷል። የኢትዮጵያ ሲማችሁን አትጣሉ፣ የባንክ ኮድ የሚመጣው በሱ ነው።

ጀርመን ስትደርሱ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ከአከራዩ የሚሰጥ የማረጋገጫ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለሱ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። የጤና ኢንሹራንሱ የመንግስት ዘርፍ ከሆነ ገቢ የሌላት ሚስትና ልጆቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይካተታሉ። ከዛ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከሱ እኩል ደሞ የራሳችሁ የቋንቋ ክላስ፣ ልጆቹ ይልመዱና ከዛ እጀምራለሁ አትበሉ። እኔ በገባን በሶስተኛው ሳምንት ተመዘገብኩ፣ ሰኞና ረቡዕ ማታ ነው፣ ባለቤቴ ከስራ ገብቶ ልጆቹን ይረከበኛል፣ ደብተሩ ላይ እንደጻፍነው።