የባሕር ውኃ አኳሪየም ናይትሬት አልወርድ ሲል

የናይትሬት መመርመሪያው ቱቦ የበርበሬ ቀለም ያዘ። የቀለም ካርዱ ላይ ሳስተያየው 80 ፒፒኤም (ሚሊግራም በሊትር ገደማ)። ከሦስት ወር በፊት 10 ነበር።

ገንዳው 300 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሁለት ክሎውንፊሽ፣ አንድ ቢጫ ታንግ፣ ሦስት ትንንሽ ዓሦችና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉበት። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ። ኮራሎቹ ግን ወደ ቡናማ ሄደዋል። መስታወቱን ጠርጌው በማግስቱ አረንጓዴ ይለብሳል። ድንጋዩም ጸጉር የመሰለ አልጌ አብቅሏል።

እኔም እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ ሱቅ ሮጥኩ። «ናይትሬት ያጠፋል» የተባለ ጠርሙስ ገዛሁ። ዶላሩ ሄደ፣ ናይትሬቱ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዳ ውስጥ የገባ ምግብ፣ ተበላም አልተበላ፣ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አሞኒያ ይሆናል። ድንጋይና አሸዋ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። አሞኒያ ፈጥኖ ይገድላል። ናይትሬት የሚያስቸግረው ሲጠራቀም ነው። መውጫው ደግሞ ጥቂት ነው፦ ውኃ ስትቀይሩ፣ አልጌ ሲመገበው፣ ኦክስጅን በማይደርስበት የድንጋይ ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ሲለውጡት። ዓሣ ብቻ ላለበት ገንዳ ከ20 እስከ 40 ያስኬዳል። ኮራል ካለ ከ2 እስከ 10 ቢሆን ጥሩ ነው።

ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ከዘለለ

መጀመሪያ መመርመሪያውን ጠርጥሩ። ሁለት ጠርሙስ ያለው የተለመደው መመርመሪያ ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ ዝቃጭ ይሠራል። 30 ሰከንድ በደንብ ካልተናጠ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ለወራት ሳትንጡ 10 ስታነቡ ከርማችሁ፣ አንድ ቀን በደንብ ስትንጡት 80 ሊመጣ ይችላል። የእኔ ግማሹ ድንጋጤ ይኼ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቱቦውንም አንድ ደቂቃ ነቅንቁ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጊዜው ያለፈበትን ጣሉት።

ሌላም አለ። አንዳንዱ መመርመሪያ የሚቆጥረው ናይትሬቱን በሙሉ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው። በዚያ 10 ማለት በሌላው 44 ገደማ ማለት ነው። ከጓደኛ ጋር ቁጥር ስታወዳድሩ መመሪያ ወረቀቱን እዩ።

አዲስ የበጠበጣችሁት ውኃ ራሱ ናይትሬት ካለው

ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ውኃውን ብቻውን መርምሩት። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ለመጠጥ ውኃ በናይትሮጅን ልክ 10 ሚሊግራም በሊትር ድረስ ይፈቅዳል። ለሰው ችግር የለውም፤ ለኮራል ግን ብዙ ነው። እኛ ያለንበት ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ቧንቧው ክሎራሚን አለው፤ ይህ ከአሞኒያ ጋር የተያያዘ ክሎሪን ነው። መፍትሄው አር.ኦ. ማጣሪያ (ውኃን በስስ ገለፈት የሚያጣራ) ከነሬዚኑ ነው፤ ሬዚኑ የቀረውን የሚይዝ ጥቃቅን ፍሬ ነው። በተጣራው ውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር መቅረቱን የሚያሳየው መለኪያ 0 ማንበብ አለበት። ከ0 ከፍ ማለት ሲጀምር ሬዚኑን ቀይሩ። የእኔ 0 ነበር፤ ስለዚህ ውኃው ነጻ ወጣ።

ውኃ ቀይራችሁ በሳምንቱ ከተመለሰ

ዋናው ጉድ ያለው እዚህ ነው። ውኃ በቀየራችሁ ቀን መርምሩ፤ በሰባተኛው ቀን ድገሙት። ልዩነቱ ገንዳው በሳምንት የሚጨምረው ነው። የእኔ 10 ይጨምር ነበር። በየሳምንቱ 10 በመቶ እቀይራለሁ። ሒሳቡን ብትሠሩት ቁጥሩ እስከ 100 ሄዶ ነው የሚቆመው። 25 በመቶ ብቀይርም ሳምንቱ ሲያልቅ 40 ላይ ይቆማል። የሚጨመረው ወደ 5 ቢወርድ ግን ያው 25 በመቶ 20 ላይ ያደርሰኛል። ስለዚህ ባልዲ ከማብዛት በፊት የሚገባውን መቀነስ ይቀድማል።

የሚገባው ምንድን ነው? ምግብ። ማን ነው የሚያስገባው?

እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ነው ያለችው። እኔ ጠዋት አበላቸዋለሁ፤ ቀን ብቻዋን ስትሆን ዓሦቹ መስታወቱ ላይ ይሰለፉላታል። «እነዚህ ልጆች ራባቸው እኮ» ትላለች። አንድ ቁንጥር ትጨምራለች። ማታ ባለቤቴም ትጨምራለች። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ እያሳዩ ይጨምራሉ። አበሻ ቤት ገብቶ ሳይበላ የሚወጣ የለም፤ ዓሣም ቢሆን። ዓሣ ደግሞ ጠገብኩ አይልም።

ልኩ በአንድ ሁለት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱት ነው። በረዶ የሆነውን ምግብ በትንሽ ውኃ አሟሙና በሻይ ማጥለያ አጥልሉት፤ ጭማቂውን ገንዳ ውስጥ አታፍስሱ። ለእናቴ የሰባት ቀን የኪኒን ሳጥን ገዛሁላት። የየቀኑን ድርሻ እኔ እሞላለሁ፣ የምታበላው እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሰው ተከለከለ።

እግረ መንገዳችሁን ዓሦቹንና ቀንድ አውጣዎቹን ቁጠሩ። ከድንጋይ ኋላ የሞተ ካለ እሱም ምግብ ነው።

ምግብ ቀንሳችሁም ካልወረደ

ቆሻሻ የሚታሰርበትን ቦታ ፈልጉ። የፊልተር ጨርቅ በየሦስት አራት ቀኑ ይታጠባል። ክዳን ያለው የጣሳ ፊልተር (ካኒስተር) ካላችሁ ክፈቱት፤ የእኔን ስከፍት ስፖንጁ ላይ አተላ የመሰለ ነገር ነበር። ውኃው በዚያ ውስጥ ነው ቀን ከሌት የሚያልፈው! ስፖንጁን ከገንዳው በወጣ ውኃ እጠቡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጠቡ፤ ባክቴሪያዎቹ ያስፈልጓችኋል። ስስ አሸዋን ውኃ ስትቀይሩ በየተራ በቱቦ ምጠጡ። ወፍራም የቆየ አሸዋን ግን አትንኩት። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ሊኖረው ይችላል።

ከፍተኛ ቁጥር ለማውረድ 25 በመቶ አራት ጊዜ ብትቀይሩ 80ው ወደ 60፣ 45፣ 34፣ 25 ይወርዳል፤ በመካከል የሚጨመረው ሳይቆጠር ነው። አዲሱ ውኃ ሙቀቱና ጨውነቱ ከገንዳው ጋር ይግጠም። ጨውነት ከሺህ 35 ነው የምይዘው።

20 ላይ ደርሶ ከቆመ

አሁን መውጫ ጨምሩ። ስኪመራችሁን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) አጽዱ፤ አንገቱ ላይ ቅባት ከያዘ አረፋው አይወጣም። ሳምፕ (ከገንዳው ጋር የተያያዘ ሁለተኛ ገንዳ) ካላችሁ ኬቶ የሚባለውን የሽቦ ድር የመሰለ አልጌ መብራት አብርታችሁ አብቅሉ። ሲያድግ ቆርጣችሁ ጣሉ። ካልጣላችሁት ሲበሰብስ ናይትሬቱ ይመለሳል።

አቼቶም ይሠራል፤ ባክቴሪያው አቼቶውን ሲመገብ ናይትሬትም ይወስዳል። የሚሠራ ስኪመር ከሌላችሁ ግን አትሞክሩት፤ ባክቴሪያው ኦክስጅን ይጨርሳል። ለ100 ሊትር በቀን 1 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ ጨምሩ። ውኃው ወተት ከመሰለ አቁሙ። ቮድካ የሚጠቀሙም አሉ። አንድ እጁ የስምንት እጅ አቼቶ ያህል ስለሚሠራ ልክ መሳት ቀላል ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተንቀሳቀሰ ፎስፌት መርምሩ፤ እሱም ከምግብ የሚመጣ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ፎስፌት የሚያወጣ ነገር አብዝታችሁ 0 ካደረሳችሁት አልጌውም ባክቴሪያውም አያድግም፤ ናይትሬቱ ባለበት ይቀራል። ሁለቱም 0 ከሆኑ ደግሞ ዳይኖ የሚባለው ቡናማ ንፍጥ ይመጣል። እሱ ከመጣባችሁ ናይትሬቱን ትናፍቁታላችሁ።

ባለፈው እሑድ ስመረምር ቱቦው ፈዛዛ ብርቱካናማ ሆነ፤ 15 አካባቢ። ጮክ ብዬ ለቤቱ ሰው ተናገርኩ። እናቴ የኪኒን ሳጥኑን ይዛ መጣችና «እንግዲያው ዛሬ የሰኞንም ልስጣቸው?» አለችኝ።