ከጎንደር ተነስቶ በቴክኖሎጂ ኩባንያ የማርኬቲንግ ኃላፊ መሆን፤ እንዴት ይኬዳል?

ይህን የምጽፈው ማርኬቲንግ ተምራ ወይም እየተማረች፣ "አዲስ አበባ ዘመድ የለኝም፣ ቴክኖሎጂም አላጠናሁም፣ ከየት ልጀምር?" ለምትል ሴት ነው። ኮድ መጻፍ አይጠበቅብሽም። ከታች ያለው አብዛኛው ቀላል ነው። ቁጥር 4 ላይ ግን ብዙ ጎበዝ ሴቶች ማኔጀር እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ስለዚህ እሱን ሰፋ አደርገዋለሁ።

1. ሥራውን እዚያው ጎንደር ጀምሪ

ቅጥር እስኪወጣ አትጠብቂ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ገስት ሀውስ፣ አንድ አስጎብኚ ወይም አራዳ ያለ የልብስ ሱቅ ያዢና ኢንተርኔት ላይ ያለውን መረጃቸውን አስተካክዪ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ጉግል ማፕ ላይ ያለው ምልክት ሌላ ሰፈር ተተክሏል። ስልኩ ያለ +251 ስለተጻፈ የውጭ እንግዳ ሲደውል አይገባም። ባለቤቱ "ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን" ብለው በቅንነት የሞሉትን ጉግል ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይዞታል።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ግን በቀን ስንት ሰው እንደሚደውልና ስንቱ ክፍል እንደሚይዝ ለሁለት ሳምንት ያህል በደብተር መዝግቢ። ካስተካከልሽ በኋላም እንደዚያው። ኢንተርቪው ላይ ከየትኛውም ሰርተፊኬት ይልቅ ያቺ ደብተር ትናገርልሻለች። ጥር ላይ ብቻ አትመዝግቢ፤ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ያለ ማስታወቂያም አልጋ ስለሚጠፋ ውጤቱ ያንቺ መሆኑን የሚያምንሽ የለም።

2. የጎደለሽን በነጻ ተማሪ

የጉግል፣ የሀብስፖት አካዳሚና የሜታ ብሉፕሪንት ኮርሶች ለመነሻ ይበቃሉ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የዳታ ሳይንስ ኮርስም ውሰጂ። ሰርተፊኬት መሰብሰብ ግን ሱስ ይሆናል፤ ሁለት ሦስቱ በቂ ነው። ካንቫ ላይ ፖስተር መሥራትን ማርኬቲንግ የሚያደርጉት አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ያባክኑብሻል። በእኔ አስተያየት አንድ መሣሪያ ብቻ ጠንቅቀሽ ማወቅ ካለብሽ ኤክሴል እላለሁ፤ በተለይ ፒቮት ቴብል፣ ረጅም ዝርዝርን በአጭር ሠንጠረዥ የሚያጠቃልለውን። ሲቆይ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ) ትጨምሪበታለሽ።

3. በተገኘው በር ግቢ

"ማርኬቲንግ ኦፊሰር" የሚል ማስታወቂያ ካልወጣ በደንበኞች አገልግሎት፣ በሽያጭ ወይም በወኪል ምልመላ ግቢ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሲጀመር፣ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሲገባና ኤምፔሳ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሲከተል፣ ሥራው ከአዲስ አበባ ቢሮ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ነጋዴ ያስመዘገበች ልጅ፣ ደንበኛ ምን እንደሚፈራ የምታውቀው ከማንም ሪፖርት በፊት ነው። የጥሪ ማዕከል ሥራም አትናቂ። ራይድን አስቢው፤ ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ይህ ኩባንያ መተግበሪያ እያለውም በ8294 መደወልን አላስቀረም። ስልክ የሚያነሱት ልጆች የሚሰሙት ቅሬታ ሌላ ቦታ አይገኝም።

4. ገንዘቡ የት እንደገባ የምትናገር ሰው ሁኚ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ማኔጀር እስክትሆኚ ድረስ ጥሩ ማስታወቂያ መሥራት ያደርስሻል። ከዚያ በላይ የሚቀመጡት ግን ሥራ አስኪያጁ "ባለፈው የወጣው ብር ምን አመጣ?" ሲል ወረቀት ሳይፈልጉ የሚመልሱት ናቸው።

ለምሳሌ አንድ ዘመቻ 100,000 ብር ፈጀ እንበል። 4,000 ሰው መተግበሪያውን ጫነ። 1,200ው ምዝገባ ጨረሰ። 500ው አንድ ጊዜ ገንዘብ ላከበት ወይም ገዛበት። በወሩ ተመልሶ የተጠቀመው 200 ነው። ብዙ ሰው የሚያቀርበው ሪፖርት "4,000 ደንበኛ አመጣን፣ በነፍስ ወከፍ 25 ብር" የሚለውን ነው። እውነተኛው ዋጋ 500 ብር ነው፤ ምክንያቱም የቀሩልን 200 ብቻ ናቸው። ይህን ስብሰባ ላይ የምትናገሪ ቀን ደስ አይልም፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ግን የፋይናንስ ኃላፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምሽን ያውቀዋል።

ቀጥሎ ከ4,000 ወደ 1,200 ሲወርድ ምን እንደተፈጠረ ፈልጊ። ቢሮ ተቀምጦ አይገኝም። ምዝገባ ጀምረው ያቋረጡ ደንበኞች ጋ ደውዪ፤ ስልካቸውን የሰጡት ለኩባንያሽ ስለሆነ በኩባንያው ስም ጠይቂ። ከሌላ የተገዛ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ላይ ቴክስት መበተን ግን ተዪው፤ ሰውን ከማናደዱ በላይ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የምትሰሚው መልስ ከማስታወቂያው ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። የማረጋገጫ ኮዱ ዘግይቶ መጣ። የስልኩ ሚሞሪ ሞልቶ ነበር። ወይም ይህን የመሰለ፦ ሴትየዋ ፋይዳ ላይ የስማቸው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ፊደል ይበልጣል፣ የባንክ ደብተራቸው ላይ ያንስ ነበር፤ ሲስተሙ "አይዛመድም" ብሎ መለሳቸው፤ እሳቸውም "ይቅርብኝ" ብለው ዘጉት። ለዚህ ሌላ ቢልቦርድ አይጠቅምም። ለፕሮግራመሮቹ ይዘሽላቸው ሄደሽ ይህ ሲስተካከል፣ አንድ ብር ሳታወጪ የተመዝጋቢውን ቁጥር ከፍ አደረግሽ ማለት ነው።

በሽልማት መተግበሪያ ከሚያስጭን ዘመቻ ተጠንቀቂ። አንድ ኩባንያ በጥምቀት ሰሞን ቲሸርት እየሰጠ መተግበሪያ ሲያስጭን በቅርብ አይቻለሁ። ወጣቱ ተሰልፎ ጫነ፣ ቲሸርቱን ለበሰ፣ ጃን ሜዳ ሳይደርስ መተግበሪያውን አጠፋው። ለአለቆች የቀረበው ግን የሚጭኑ ሰዎች ሰልፍ ፎቶ ነበር። በሚቀጥለው ወር ማንም ስለ ዘመቻው አላነሳም። ሽልማት መስጠት ካለበት ለመጀመሪያ ክፍያ፣ ከተቻለም ለሁለተኛው ይሁን።

"ይህ ደንበኛ በሬዲዮ ነው ወይስ በጓደኛው የመጣው?" የሚለው እኛ አገር አስቸጋሪ ነው፤ ሰው ቴሌግራም ላይ አይቶ፣ ጎረቤቱን ጠይቆ፣ ሱቅ ሄዶ ይመዘገባል። የውጭ ሶፍትዌሮች ይህን አይዙትም፤ ውድ ፈቃድ ከመግዛትሽ በፊት ቀላሉን ሞክሪ። አንድ ወር ማስታወቂያውን ጎንደር ላይ አውጥተሽ ደሴ ላይ ዝም በዪ፤ ከዚያ የሁለቱን ከተሞች ለውጥ አነጻጽሪ። ጎንደር ላይ ከሆነ ወሩ ጥር አይሁን፤ ምክንያቱን ቀድሜ ተናግሬዋለሁ። ሪፖርቶቹ ላይ ያለውን ሰዓትም እዪ፤ ሲስተሙ 20:00 ያለው ምሽት 2 ሰዓት ነው። ቡድንሽ ይህን አሳስቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቴክስት ሲልክ ደንበኛው አይስቅም።

በየወሩ አንድ ገጽ ጻፊ፦ ስንት ወጣ፣ ስንት መጣ፣ ስንት ቀረ፣ ቀጥሎ ምን እንቁረጥ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።

5 እና 6. ከኬክና ከአበባ ውጪ፣ ስምሽንም አስጠሪ

ሁለቱ አይነጣጠሉም። ማርኬቲንግ ክፍል ያለች ሴት ላይ ዝግጅት ሁሉ ይከመራል፤ ኬክ ማዘዝ፣ አበባ መያዝ፣ እንግዳ መቀበል፣ መድረክ መምራት። እምቢ ብትዪ "ትዕቢተኛ ናት" ትባያለሽ፣ እሺ ብትዪ ዓመቱ ያልቃል። እኔ ሲሠራ ያየሁት መልስ ይህ ነው፦ "እሺ ጋሼ፣ ዝግጅቱን እይዘዋለሁ። በጀቱ ግን በእኔ ፊርማ ይውጣ፣ ከዝግጅቱ የሚመዘገበው ደንበኛም በእኔ ስም ይቆጠር።" ዝግጅቱ ያኔ ሥራ ይሆናል። የማይቆጠረውን ደግሞ በተራ እንያዘው በዪ፤ ወንዶቹም ኬክ መቁረጥ ይችላሉ።

ይሉኝታ ትልቁ ወጪያችን ነው። ያንቺን ሐሳብ ሌላው ስብሰባ ላይ ደግሞት ሲመሰገን ዝም አትበዪ፣ አትቆጪም። ከስብሰባው በፊት ያንን አንድ ገጽ በስምሽ በኢሜይል ላኪው፤ ነገሩ ያልቃል። ድራፍት ቢራ ላይ የሚወሰን ነገር እንዳለም እውነት ነው። አብረሽ ማምሸት የለብሽም፤ ጠዋት አለቃሽ ቡና ሲጠጣ ሩብ ሰዓት ጠይቂ። ከመካሪ ይልቅ የሚጠቅምሽ አንቺ በሌለሽበት ክፍል ስምሽን የሚያነሳ ሰው ነው፤ እሱም ወንድ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ የፋይናንሱ ሰው ነው።

"ሴት እዚያ ወንበር ላይ አይታይም" ለሚል መልሱ አጭር ነው፦ ኢትዮ ቴሌኮምን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የመሩት ፍሬሕይወት ታምሩ ናቸው፤ ቴሌብርም የተጀመረው በእሳቸው ጊዜ ነው።

ልጅ መውለድ ካሰብሽ አትደብቂው፣ አትሸማቀቂበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጥሻል። ከመውጣትሽ በፊት ተወካይሽን ራስሽ ምረጪ፣ ቁጥሮቹን በጽሑፍ አስረክቢ፣ እስከ መቼ እንደሚተካሽም ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤ የሌለው ውክልና ስትመለሺ ቋሚ ሆኖ ይጠብቅሻል።

7. ዕድገቱን በሰዓቱ ጠይቂ

የመንግሥትና የብዙ አገር በቀል ድርጅቶች በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በጀቱ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ ሐምሌ ላይ መጠየቅ ዘግይቷል። መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ጠይቂ። ሒሳባቸውን በፈረንጆች ዓመት ለሚዘጉት ጥቅምት ላይ። በቃል አይሁን፤ "ደመወዝ ይጨመርልኝ" ብቻም አይሁን። የሥራ መደቡን ስም፣ የምትይዢውን በጀትና የምትቀጥሪያቸውን ሰዎች ብዛት ጻፊ።

የኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ላይ ማስታወቂያ አሳዪን የሚልሽ የለም። "በጀትሽ በግማሽ ቢቀነስ ምን ትቆርጫለሽ?"፣ "ዋጋው ላይ ምን ትያለሽ?"፣ "መጀመሪያ ማንን ትቀጥሪያለሽ?" ነው የሚሉሽ። ለሦስቱም በየወሩ ከጻፍሻቸው ባለ አንድ ገጽ ሪፖርቶች መልስ አውጪና አትመሽ ይዘሽ ግቢ፤ ፕሮጀክተሩ አይሠራም።