ከሐዋሳ ወደ ዲንሾ የጥድ ደን፦ በበጋ የእግር ጉዞ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍቅር ሐይቅ ዳር መንሸራሸር የለመደ የሐዋሳ ሰው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ዲንሾም ደርሶ በዚያው ልማድ ይራመዳል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ጦጣው ራሱ ሰውን ፍለጋ ይመጣል። የባሌ የደጋ አጋዘን ግን ፈላጊውን ሰዓት ያስከብራል።

እኩለ ቀን ላይ መድረስ፦ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሻሸመኔ ቁርስ፣ ዶዶላ ሻይ እየተባለ ዲንሾ የሚገባው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። አጋዘኑ ያን ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል፤ በብዛት የሚግጠው ማለዳና ወደ ማታ ነው። በዋዜማው ገብተው እዚያው ይደሩ፤ የመግቢያ ክፍያውንና የአስጎብኚውን ጉዳይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያን ዕለት ይጨርሱና ጎሕ ሲቀድ ይውጡ።

የሐዋሳን ልብስ ለብሶ መሄድ፦ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ካፖርትና ጓንት ግድ ነው። ነጭ ነጠላ ግን ከሩቅ ያሳብቃል።

ነፋስን መርሳት፦ ዝም ማለት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ ጠረኑ ቀድሞት እንደሚሄድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ቆንጠር አድርገው ደቃቅ አፈር ይልቀቁና ወዴት እንደሚበን ይዩ። ነፋሱ ፊትዎን እየመታ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ከጀርባዎ ከሆነ ዞረው ይግቡ። ድኩላ እንደ ውሻ ሲጮህ ከሰሙ ነቅቶብዎታል፤ በዚያ አቅጣጫ መድከም አያስፈልግም።

ጥድን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት፦ በመንገድ ዳር በረድፍ የቆመው አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው። ፍሬውን ቢያነሡ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ሲደርስ የሚሰነጣጠቅ ድቡልቡል ነው። የአገሩ ጥድ ሴቴ ዛፍ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሲጨምቁት የሚበጠስ ትንሽ ፍሬ አላት፤ ወፎች ይለቅሙታል። ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ የፈረንጅ ጥድ ሥር ሣርም ቁጥቋጦም እምብዛም ስለማይበቅል እንስሳ ፍለጋ እዚያ መዞር ትርፉ ድካም ነው። ጥድና ኮሶ ተቀላቅለው ወደሚታዩበት፣ መሐሉ ሣር ወዳለው ጫካ ይሂዱ።

ቀንድ ብቻ መፈለግ፦ ጠምዛዛው ቀንድ የወንዱ ነው። ቀንድ የሌላቸውን ሴቶች «ተራ ነገር» ብሎ የሚያልፍ ሰው ያሳዝነኛል፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን እንስሳ እየረገጠ አልፏል ማለት ነውና።

ቀይ ቀበሮን በደኑ ውስጥ መጠበቅ፦ ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በገላጣው ደጋ፣ በወብ ሸለቆና በሳነቴ ነው። ለዚያ ሌላ ቀን ይያዙ።

ከርከሮን ማብላት፦ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ ሲግጥ ሲያዩት ዳቦ መወርወር ያምራል። አይወርውሩ! ሰው የለመደ ከርከሮ ክራንቻ አለው።

እሳት፦ በበጋ የጥድ ቅጠል ክብሪት የሚጠብቅ ጭድ ነው። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌ የተነሣው ሰደድ እሳት ለሳምንታት ነዷል። አጫሽ ጓደኛ ካለ ሲጋራውን መኪናው ዘንድ ይጨርስ፤ ቁራጩንም ኪሱ ይክተት።