ለትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ጠንካራ ኮራል ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የመጀመሪያውን ጠንካራ ኮራሌን የመረጥኩት በቀለሙ ነው። ጫፉ ሰማያዊ የሆነ አክሮፖራ ነበር፣ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ። ማታ መብራት ሳጠፋ ደህና ነበር። ጠዋት ሳየው ከሥሩ ጀምሮ ሥጋው እንደ እርጥብ ወረቀት እየተላጠ ነጭ አጽሙ ብቅ ብሏል፤ በማግስቱ የተረፈ ነገር አልነበረም። በጣም አዘንኩ፣ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ነውና።

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፣ ቀለም አይቶ መግዛት። ጠንካራ ኮራሎች ሁሉ አጽማቸውን ከካልሲየም ካርቦኔት ይሠራሉ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አክሮፖራን የመሳሰሉ ትንንሽ ፖሊፕ (አፍና ክሮች ያሉት የኮራሉ ራስ) ያላቸው ኮራሎች ብዙ ብርሃን፣ ኃይለኛ ፍሰትና የማይዋዥቅ ውሃ ይፈልጋሉ። ለጀማሪ የሚሆኑት ፖሊፓቸው ትልልቅ የሆኑት ናቸው፦ ዳንካን፣ ካንዲ ኬን፣ ብላስቶሙሳ፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ሀመር። እኔን ብትጠይቁኝ ዳንካንን አስቀድሙ። ምግብ ሲደርሰው ክሮቹን ሰብስቦ ሲጎርስ ታያላችሁ፣ ሲከፋው ደግሞ ኩምትር ብሎ ያሳውቃችኋል። ትንንሽ ፖሊፕ ያለው ካማራችሁ ቆይታችሁ በሞንቲፖራ ጀምሩ። አበባ የመሰለውን ጎኒዮፖራ ግን ለጊዜው እለፉት፤ ለወራት አምሮበት ቆይቶ ቀስ እያለ መክሳት ይወዳል።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ብዙ ሰው አኳሪየሙ የደረሰ ይመስለዋል። ለጠንካራ ኮራል ግን ሦስት አራት ወር ብትታገሱ ይሻላል፣ ድንጋዩ ላይ ሐምራዊ አልጌ መለጠፍ እስኪጀምር ድረስ።

ትንሽ አኳሪየም ላይ ደግሞ ትነትን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። 40 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ሊትር ቢተን ጨዉ አብሮ አይተንም፣ እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ የቀረው ውሃ ጨው ይበዛበታል። የጎደለውን በየቀኑ በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ሙሉት። ጨዋማነቱን በአንጻራዊ እፍጋት መለኪያ 1.025 ወይም 1.026 ላይ፣ ሙቀቱን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ያዙት።

ቁጥር ማሳደድም ኮራል ይገድላል። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም 1300 ሚሊግራም አካባቢ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8 ወይም 9 ዲ ኬ ኤች በሚባለው መለኪያ ጥሩ ነው። አልካሊኒቲያችሁ 7.5 ላይ ለሳምንታት ረግቶ ከቆየ ግን ተዉት፣ አትነካኩት። ዛሬ 7.5 ነገ 9.5 ማድረግ ነው ጉዳቱ። ሳትለኩ ምንም ነገር አትጨምሩ። ኮራሎቹ ጥቂት እስከሆኑ ድረስ በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌትን ዜሮ ለማድረግ አትልፉ፣ ኮራሉ ይራባል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ ባዶውን ቦታ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ልጋግ ሊወርሰው ይችላል።

ቦታ ማጣበብ ሌላው ነው። ቀን ላይ ሁሉም ሰላም ነው። መብራት ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ በእጅ ባትሪ ብትመለከቱ ግን ከኮራሉ ጎን ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም ክር ወጥቶ በውሃው ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ይናደፋል። ጎረቤቱን ነክቶ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ጋላክሲያ የሚባለው ኮራል በዚህ የታወቀ ነው፣ ክሩ ከአንድ ስንዝር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ትንሽ አኳሪየም ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ሀመርና ዘመዱ ፍሮግስፖን አብዛኛውን ጊዜ ተነካክተው ይኖራሉ፣ ቶርች የሚባለውን ኮራል ግን ከሁለቱም አርቁት። ስታስቀምጡ የዛሬ መጠኑን ሳይሆን ሲያድግ የሚይዘውን ቦታ አስቡ።

አዲስ ኮራል በቀጥታ ከመብራቱ ሥር አይቀመጥም። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ አልጌዎች በአንዴ ብዙ ብርሃን ሲያገኛቸው ኮራሉ ያስወጣቸውና ነጭ ይሆናል። ከታች ጀምሩ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት። ፓምፑንም ፊት ለፊት አታዙሩበት፤ የሀመር ክሮች ቀስ ብለው መወዛወዝ አለባቸው፣ ወደ አንድ ጎን ከተኙ ሥጋው በራሱ አጽም ይቀደዳል።

በመጨረሻ፣ ሳያገላብጡ መግዛት። ሀመር ስትገዙ እንደ ግድግዳ የተያያዘውን ትታችሁ ባለ ቅርንጫፉን ውሰዱ፣ አንዱ ራስ ቢታመም ቆርጣችሁ ሌላውን ታድናላችሁ። ሥጋው ከአጽሙ ጠርዝ ሸሽቶ ከሆነ፣ ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካለበት፣ ቢረክስም አትንኩት። ቤት ስትደርሱ በኮራል ማጠቢያ ፈሳሽ እጠቡት፣ የተጣበቀበትን መሰኪያ ከሥሩ ገልብጣችሁ የተባይ እንቁላል ፈልጉ፣ ያጠባችሁበትንም ውሃ ወደ አኳሪየሙ አትመልሱት።