ልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽና ለማስገባት ቧንቧውን እንዲህ አዙሩት

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታችሁ ኩሽና ልታስገቡት ነው? ቧንቧ ከመቁረጣችሁ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ከቆጣሪ በቀጥታ ነው ወይስ ከሮቶ? መሃል አዲስ አበባ ብንሆንም ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስገባ ቧንቧ ሠራተኛው ከቀጥታው መስመር ቀጥሎልኝ ሄደ። ውኃ በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ልብሱን ከነአረፋው ይዞ መሃል ላይ ይቆም ነበር። በኋላ አስፈርሼ ከሮቶ በሚወርደው መስመር ላይ አስቀጠልኩት፤ እናንተ ከመጀመሪያው እንደዚያ አድርጉ።

የሮቶው ከፍታም ይታይ። ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፣ ይሄ ማለት ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ይህን አይሰጥም፤ ትንሽ ፓምፕ ግዙ።

ዕቃው መርካቶ በአንድ ሱቅ ያልቃል። 20 ሚሊ ፒፒአር ቧንቧ (በሙቀት የሚበየደው ፕላስቲክ)፣ አንድ ቲ (መስመሩን ለሁለት የሚከፍለው)፣ ሁለት ሦስት ጎሚቶ (መታጠፊያ)፣ ባለ ናስ ጥርስ ማገናኛ፣ ቴፍሎን፣ እና አፉ ሦስት አራተኛ ኢንች የሆነ መዝጊያ። ለማሽኑ ብቻ የሚሆነው ይህ መዝጊያ እንዳይቀር፤ እሱ ከሌለ ማሽኑ በተበላሸ ቀን የቤቱን ውኃ በሙሉ ልትዘጉ ነው። ግድግዳ ስትቆፍሩ ብሎኬቱን እንጂ ኮለኑን (የሕንፃውን ምሰሶ) እንዳትነኩ።

አሁን ዋናው ሥራ። ውኃውን ዝጉ፣ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ መስመሩን አንጠፍጥፉ፣ ቁረጡ። ፒፒአር የሚበየድበት የኤሌክትሪክ ማቅለጫ 260 ዲግሪ ይድረስ። ቧንቧውንና ቲውን አንድ ላይ ማቅለጫው ላይ አስገብታችሁ 5 ሰከንድ ቁጠሩ፣ አውጡና ወዲያው ቧንቧውን ቲው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። አታዙሩት። አፉ ዙሪያውን እኩል ከንፈር ካወጣ ይዟል። ብዙ ካቀለጣችሁት ወይም አጥብቃችሁ ከገፋችሁት ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ያጠበዋል፣ ከውጭ ሲያዩት ደግሞ ምንም አይመስልም። 2 ደቂቃ ሳይነካ ይቀዝቅዝ። የተቆረጠው ጫፍ ጠብ ጠብ ካለ አይበየድም፤ የዳቦ ልብ ጠቅልላችሁ ወደ ውስጥ ወትፉ፣ በኋላ በውኃው ይወጣል። ስለዚህ የማሽኑን ጎማ ከማሰራችሁ በፊት አንድ ባልዲ ሙሉ አፍስሱ፣ አለዚያ ዳቦውም ዝገቱም ማሽኑ መግቢያ ላይ ያለችውን ወንፊት ይደፍናል።

ፒያሳና አራት ኪሎ ያላችሁ፣ የድሮ ብረት ቧንቧ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ጥርሱ በዝገት ተበልቶ ይሆናል፣ በአንድ ቁልፍ ብቻ ከታገላችሁት ግድግዳ ውስጥ ይሰበራል። በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ይያዝ አንዱ ይዙር። ቴፍሎኑ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠቅለል። የማሽኑ ጎማ ግን የራሱ ላስቲክ ስላለው ቴፍሎን አይፈልግም፣ በእጅ ማጥበቅ ይበቃዋል።

የፍሳሽ ጎማው ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ከፍ ብሎ ወደ ሲፎኑ ይግባ። መሬት ላይ ከተጣለ ማሽኑ እየሞላ ውኃው ራሱ ይፈሳል። ሶኬቱም ከቧንቧው ራቅ ይበል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ግድግዳውን ቶሎ አትለስኑ። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አድርጋችሁ እደሩ። ጠዋት አንዷ እንኳን ከረጠበች ያንን ቦታ ቆርጣችሁ እንደገና በይዱት።